ድርጅት በብድር ሲገዛ ትርፉ የት ይገባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ኩባንያ ሌላውን ገዛ ሲባል ዜናው ላይ ጎልቶ የሚወጣው ዋጋው ነው። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ግን በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ቢገኝ ነው። እኔ ሁሌም መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። አንድ ፋብሪካ በአንድ ዋጋ፣ ግን በተለያየ ገንዘብ ሲገዛ ፈጽሞ የተለያየ ዕጣ ይገጥመዋል። ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ደጋግመው የሚጠይቁትን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ድርጅት ለመግዛት ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከራስ ካፒታል፣ ከብድር፣ ወይም አዲስ አክሲዮን አውጥቶ ለሻጩ በመስጠት። አንዳንዴ ደግሞ ሻጩ ራሱ ይታገሣል፤ ግማሹን አሁን ተቀብሎ ቀሪውን በየዓመቱ ይወስዳል። ትልልቅ ግዥዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የእነዚህ ቅልቅል ነው። ወሳኙ ነገር የቅልቅሉ መጠን ነው።

ትርፉን እንዴት ይለውጠዋል? በቁጥር አሳየን።

አዳማ ውስጥ አንድ የዱቄት ፋብሪካ አለ እንበል። ወለድና ግብር ሳይነካው በዓመት 20 ሚሊዮን ብር ያተርፋል። የሚሸጠው በ100 ሚሊዮን ነው። የባንክ ወለድ 15 በመቶ፣ የትርፍ ግብር 30 በመቶ ይሁን።

የመጀመሪያው ገዥ መቶውንም ሚሊዮን ከራሱ አወጣ። ከ20 ሚሊዮኑ ላይ 6 ሚሊዮን ግብር ይከፍላል። 14 ሚሊዮን ይቀረዋል። ካወጣው ገንዘብ 14 በመቶ አገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው 40 ሚሊዮን ከራሱ፣ 60 ሚሊዮን ከባንክ አመጣ። ወለዱ 9 ሚሊዮን ነው። በቀረው 11 ሚሊዮን ላይ 3.3 ሚሊዮን ግብር ይከፈላል። የተጣራው ትርፍ 7.7 ሚሊዮን። የፋብሪካው ትርፍ በግማሽ ሊወርድ ምንም አልቀረውም። ገዥው ግን በገንዘቡ ላይ ከ19 በመቶ በላይ አተረፈ፤ ያወጣው 40 ሚሊዮን ብቻ ነዋ።

ሦስተኛው ደፋር ነው። 20 ከራሱ፣ 80 ከባንክ። ወለዱ 12 ሚሊዮን፣ የተጣራ ትርፉ 5.6 ሚሊዮን። በራሱ ገንዘብ ላይ ሲሰላ 28 በመቶ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። የድርጅቱ ትርፍ እያነሰ ነው፤ የባለቤቱ መቶኛ እያደገ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ ግን አንድ ነገር አይደሉም። «ግዥው አዋጭ ነው» የሚል ሰው ስታገኙ ለማን ብላችሁ ጠይቁት።

አሁን ደግሞ ክፉ ዓመት መጣ እንበል። ስንዴ ተወደደ፣ መብራት ተቆራረጠ፣ የፋብሪካው ትርፍ ከ20 ወደ 10 ሚሊዮን ወረደ። የመጀመሪያው ገዥ 7 ሚሊዮን ይቀረዋል። ቅር ይለዋል እንጂ እንቅልፍ አያጣም። ሁለተኛው ወለዱን ከፍሎ፣ ግብሩን ከፍሎ 700 ሺህ ብር ይተርፈዋል። ሦስተኛው 2 ሚሊዮን ከሰረ። ማሽኑ ያው ነው፣ ሠራተኛው ያው፣ ስንዴውም ያው። ሦስቱን የለየው የገዙበት ገንዘብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ገዥ እኮ በደህናው ዓመት 7.7 ሚሊዮን አትርፏል። ታዲያ ለምን ሁሌ ብር የለኝም ይላል?

እውነቱን ነው። እስካሁን የቆጠርነው ወለዱን ብቻ ነው፤ ዋናው ብድርም ይመለሳል። ዋናውን መመለስ በሒሳብ አያያዝ ወጪ ስላልሆነ ከትርፍ ላይ ሲቀነስ አታዩትም። ከባንክ ሒሳቡ ግን ይወጣል።

60 ሚሊዮኑ በ10 ዓመት የሚከፈል ቢሆን በዓመት 6 ሚሊዮን ነው። ከ7.7 ሚሊዮኑ የሚተርፈው 1.7 ሚሊዮን ይሆናል። በ5 ዓመት ከሆነ ግን ክፍያው 12 ሚሊዮን ነው፤ በደህናው ዓመት እንኳ አይወጣውም። ወለዱ በየዓመቱ እየቀነሰ ቢሄድም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ማለፍ ከባድ ነው። ለዚህ ነው የብድሩ ዘመንና የእፎይታ ጊዜው (ዋናውን መክፈል ሳይጀመር የሚሰጠው ጊዜ) ከወለድ መጠኑ ያላነሰ ክብደት አላቸው የምለው። ወለድ ላይ አንድ በመቶ ለማስቀነስ ወር ሙሉ ሲከራከር ከርሞ የመክፈያ ዘመኑን ሳያነብ የሚፈርም ሰው አለ። ያሳዝነኛል።

ገዥው ከተበደረ ዕዳው የገዥው ነው፣ አይደል?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

በአሜሪካና በአውሮፓ ከባለሀብቶች ገንዘብ ሰብስበው ድርጅት የሚገዙ፣ የግዥ ፈንዶች የሚባሉ አሉ። ድርጅት ሲገዙ ከራሳቸው ጥቂት ያወጣሉ፤ ቀሪውን የሚበደሩት በሚገዛው ድርጅት ስም ነው። መያዣው የተገዛው ድርጅት ንብረት ነው፣ ከፋዩም እሱው ነው። ቤት በባንክ ብድር ገዝቶ ብድሩን በኪራዩ እንደ መክፈል ነው። ልዩነቱ፣ ድርጅቱ መክፈል ቢያቅተው ፈንዱ የሚያጣው ያስቀመጠውን ብቻ ነው።

ቶይስ አር አስን ውሰዱ። ቻርልስ ላዛረስ የሚባል ሰው በ1948 ዋሽንግተን ውስጥ የልጆች ዕቃ መሸጫ ከፈተ። ሰፈሩ አዳምስ ሞርጋን ነበር፤ በኋላ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ያው ሰፈር። ከዚያች ሱቅ ተነስቶ በዓለም የታወቀ የመጫወቻ መደብር ሆነ። በ2005 ኬኬአርና ቤይን ካፒታል የሚባሉ የግዥ ፈንዶች ከሪል ስቴት ኩባንያው ቮርናዶ ጋር ሆነው በ6.6 ቢሊዮን ዶላር ገዙት። ከዚህ ውስጥ ከ5 ቢሊዮን በላይ የሆነው ብድር ነበር። ብድሩም በኩባንያው ላይ ተጫነ።

ከዚያ በኋላ ኩባንያው በዓመት ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወለድ ሲከፍል ኖረ። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ሱቆቹ እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ ከሥራቸው ያተርፉ ነበር። በ2016 ከሥራው ያገኘው ትርፍ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ወለዱ ሲቀነስ ግን ምንም አልተረፈም፤ ዓመቱን በኪሳራ ዘጋ። ያልተረፈ ገንዘብ ደግሞ ሱቅ አያድስም፣ ድረ ገጽ አያሻሽልም። ዎልማርትና ታርጌት ዋጋ ሲሰብሩ፣ አማዞን ቤት ድረስ ሲያመጣ፣ ቶይስ አር አስ እጁ ታስሮ ቆመ።

ዕዳው ብቻ ገደለው ማለት ልክ አይሆንም፤ ተፎካካሪዎቹ በጣም ጠንካሮች ነበሩ። ግን ተፎካካሪን የሚመክቱበትን ገንዘብ የወሰደው ዕዳው ነው።

በመስከረም 2017 ኩባንያው የመክሰር ጥበቃ፣ ማለትም ከአበዳሪዎቹ የሚከላከልለትን የፍርድ ቤት ከለላ፣ ጠየቀ። ወሬው ገና ሲሰማ አቅራቢዎች መጫወቻ በዱቤ መስጠት ፈሩ። የገና ገበያ ሊደርስ ሲል ይህ ትልቅ ምት ነው። በመጋቢት 2018 የአሜሪካ ሱቆቹን በሙሉ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከ30 ሺህ በላይ ሰው ሥራ አጣ። መሥራቹ ላዛረስም ከሳምንት በኋላ አረፈ።

እንዲህ ከሆነ በብድር መግዛት ሁሌ ያከስራል ማለት ነው?

አይደለም። ሒልተንን እዩ። ብላክስቶን የሚባል ሌላ የግዥ ፈንድ በ2007 በ26 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ወደ 20 ቢሊዮኑ ብድር ነበር። ዓመት ሳይሞላ የዓለም የገንዘብ ቀውስ መጣና ሰው መጓዝ አቆመ። ብላክስቶን ራሱ ያፈሰሰው ገንዘብ አብዛኛው እንደ ጠፋ በመዝገቡ ላይ ጻፈ። መጨረሻው ግን ሌላ ሆነ። በ2013 ሒልተን እንደገና አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ። በ2018 ብላክስቶን ጠቅልሎ ሲወጣ 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አትርፎ ነበር።

ሁለቱን ምን ለያቸው? እኔ ሁለት ነገር ይታየኛል።

አንደኛው የንግዱ ጠባይ ነው። ሒልተን ስሙ ከተለጠፈባቸው ሆቴሎች የብዙዎቹ ባለቤት አይደለም። የአዲስ አበባው ሒልተን ሕንፃው የመንግሥት ነው፤ ኩባንያው የሚያስተዳድርበትን ክፍያ ይወስዳል። እንዲህ ያለ ንግድ በሌላ ሰው ገንዘብ ያድጋል፤ ዕዳ እየከፈለም አዲስ ሆቴል በስሙ ይከፈታል። መጫወቻ ሻጩ ግን ሱቅ ለማደስም ዕቃ ለመሙላትም የራሱን ገንዘብ ይፈልጋል።

ሁለተኛው፣ ገዥው በክፉ ቀን ያደረገው ነው። በ2010 ብላክስቶን ተጨማሪ 800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፈሰሰ። ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ዕዳውን በ4 ቢሊዮን ያህል አስቀነሰ፣ የመክፈያ ጊዜውንም አራዘመ። ኪሱ ጥልቅ፣ ልቡም ታጋሽ የሆነ ገዥ ያስፈልጋል የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው።

በአክሲዮን መክፈል አይሻልም? ወለድ የለበትም።

ወለድ የለበትም፣ ዋጋ ግን አለው። የዱቄት ፋብሪካው ገዥ ለሻጩ አክሲዮን ቢሰጠው 14 ሚሊዮኑ ሳይነካ ይቀመጣል። ግን ከእንግዲህ የሚካፈለው ሰው በዝቷል። ጠቅላላው ትርፍ አድጎ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ሊያንስ ይችላል። ባለአክሲዮን ከሆናችሁ የምታዩት ይህን የመጨረሻውን ነው።

ደግሞ አክሲዮኑ ራሱ ስንት ያወጣል? በጥር 2000 የኢንተርኔት ኩባንያው ኤኦኤል የመገናኛ ብዙኃን ኩባንያውን ታይም ዋርነርን በአክሲዮን እገዛለሁ አለ። የኢንተርኔት አክሲዮን ሰማይ የነካበት ወቅት ነበር። ታይም ዋርነር በገቢ እጅግ የሚበልጥ ኩባንያ ሆኖ ሳለ፣ የኤኦኤል ባለአክሲዮኖች ከአዲሱ ድርጅት 55 በመቶውን ያዙ። ብዙም ሳይቆይ ዋጋው ወደቀ። ድርጅቱ በ2002 ወደ 99 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ አስመዘገበ። የታይም ዋርነር ባለአክሲዮኖች ጠንካራ ድርጅታቸውን ሰጥተው የተቀበሉት በወረቀት ላይ ያበጠ ዋጋ ነበር።

ገንዘብ የሞላው ኩባንያ ለምን ይበደራል?

ማይክሮሶፍት በ2016 የባለሙያዎች መገናኛ ድረ ገጹን ሊንክድኢንን በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ካዝናው ሙሉ ነበር። ሆኖም ቦንድ ሸጦ 19.75 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። ገንዘቡ በአብዛኛው ከአሜሪካ ውጭ ስለነበር ወደ አገር ቢያስገባው በጊዜው ሕግ ግብር ይከተለው ነበር። ወለድ ደግሞ በዚያን ሰሞን በጣም ርካሽ ነበር። እንዲህ ላለ ኩባንያ ብድሩ ትርፉን ብዙም አይነካውም።

ሌላው ምክንያት ግብር ነው። ወለድ ከመክፈል በፊት ግብር አይታሰብም፤ ለባለአክሲዮን የሚከፈል የትርፍ ድርሻ ግን ግብር ከተከፈለ በኋላ ነው የሚወጣው። የዱቄት ፋብሪካው ሁለተኛ ገዥ 9 ሚሊዮን ወለድ ስለከፈለ ግብሩ ከ6 ወደ 3.3 ሚሊዮን ወርዷል። መንግሥታት ይህን ስለሚያውቁ ገደብ ያበጃሉ። በእኛም አገር በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት፣ በውጭ ባለሀብት ቁጥጥር ሥር ያለ ኩባንያ አማካይ ዕዳው ከካፒታሉ ከ2 እጥፍ ካለፈ፣ ከገደቡ በላይ የሆነው ዕዳ ወለድ በመርህ ደረጃ ተቀናሽ አይሆንም። ግብር ለመቀነስ ብቻ ብሎ መበደርን ግን ለማንም አልመክርም። 2.7 ሚሊዮን ግብር ለማዳን 9 ሚሊዮን ወለድ ወጥቷል።

አንድ ኩባንያ ከግዥ ዓመታት በኋላ ድንገት የቢሊዮኖች ኪሳራ የሚያሳየው ለምንድን ነው?

ድርጅት ሲገዛ ከንብረቱ ዋጋ በላይ ይከፈላል። ለስሙ፣ ለደንበኛው፣ ለተስፋው። ይህ ትርፍ ክፍያ በሒሳብ መዝገብ ላይ «ጉድዊል» ተብሎ እንደ ንብረት ይቀመጣል። በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደንብ ቢያንስ በየዓመቱ ይፈተሻል። ተስፋው ካልተሳካ ዋጋው ይቀነሳል፤ ቅናሹም እንደ ኪሳራ ይመዘገባል። በዚያን ቀን ከካዝና የሚወጣ ብር የለም። ብሩ የወጣው ድሮ፣ ሲገዛ ነው።

ክራፍት ሃይንዝ ጥሩ ትምህርት ነው። ክራፍትና ሃይንዝ የሚባሉት የአሜሪካ የምግብ ኩባንያዎች በ2015 ሲዋሐዱ ገዥዎቹ ወጪን በመቁረጥ የታወቁ ነበሩ። መጀመሪያ ላይ የትርፍ መጠኑ ከፍ አለ፤ ሁሉም አደነቀ። ግን ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ነበረበት፣ የምግብ ምርጫም እየተለወጠ ነበር። በየካቲት 2019 ኩባንያው የ15.4 ቢሊዮን ዶላር ቅናሽ መዘገበ። የትርፍ ድርሻውን በአክሲዮን ከ62.5 ሳንቲም ወደ 40 አወረደ። ዋናው ባለድርሻ ዋረን ባፌትም ለክራፍት አብዝተን ከፍለናል ብሎ በግልጽ አመነ።

ከእኛም ቅርብ ምሳሌ አለ። የእንግሊዙ የመጠጥ ኩባንያ ዲያጆ የሰበታውን ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ2012 ከመንግሥት በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2020 ኢትዮጵያም ባለችበት በበርካታ አገሮች ንብረቶቹ ላይ 1.3 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ቅናሽ አስመዘገበ። በ2022 ሜታን ለቢጂአይ ባለቤት ለካስቴል ሸጦ ወጣ። ዲያጆ ትልቅ ስለሆነ ቻለው። ያን ያህል ገንዘብ ተበድሮ የገዛ ትንሽ ድርጅት ቢሆን አይተርፍም ነበር።

ብድሩ በዶላር ቢሆንስ?

ገቢያችሁ በብር ከሆነ በጣም ተጠንቀቁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 1 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ የነበረበት ሰው 57 ሚሊዮን ብር የነበረው ዕዳው ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆነ። አንድ ሳንቲም ሳይጨምር። ልዩነቱ በዚያው ዓመት ሒሳብ ላይ እንደ ኪሳራ ይገባል፤ የዓመት ትርፍን ጠርጎ ሊወስድ ይችላል።

ገቢው በውጭ ምንዛሪ ለሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ኬኬአር በ2014 ዝዋይ ላይ ጽጌረዳ በሚያመርተው አፍሪፍሎራ ላይ ገንዘብ አፍስሷል። አበባው የሚሸጠው አውሮፓ ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት የዶላር ወይም የዩሮ ዕዳ ቢኖርበት የሚከፍልበትን ያንኑ ገንዘብ ያገኛል።

ሪፖርት ላይ ቶሎ የማየው ምንድን ነው?

ከወለድ በፊት ያለውን ትርፍ ለወለዱ አካፍሉ። የዱቄት ፋብሪካው ሁለተኛ ገዥ 20 ለ9፣ 2.2 ይመጣል። ሦስተኛው 20 ለ12፣ 1.7 አይሞላም። ወደ 1 ሲጠጋ ድርጅቱ የሚሠራው ለባንክ ነው። ከዚያ የዋናውን ብድር መክፈያ ቀን ፈልጉ። ማስታወሻዎቹ ውስጥ፣ ከኋላ ገጾች ላይ ነው የሚገኘው። ስለ ወለዱም ቋሚ ይሁን የሚለዋወጥ አንብቡ።

ሠራተኛ ነኝ፤ ድርጅታችን ሊሸጥ ነው። ምን ልጠይቅ?

ገዥው ስንት ከራሱ እንዳወጣና ብድሩ በማን ስም እንደተጻፈ ጠይቁ። ማኅበር ካላችሁ በማኅበሩ በኩል ይሁን። ብድሩ በድርጅታችሁ ስም ከሆነ ደመወዛችሁም፣ የማሽን ማደሻውም፣ ወለዱም ከአንድ ካዝና ነው የሚወጡት። የቶይስ አር አስ ሠራተኞች መጀመሪያ ላይ የስንብት ክፍያ አላገኙም ነበር። ብዙ ከጮኹ በኋላ ኬኬአርና ቤይን 20 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተው አካፈሏቸው። ለዓመታት ላገለገለ ሰው በጣም ትንሽ ነው።

እዚህ አገር ሕጉ ሁለት ነገር ይሰጣችኋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓ.ም. መሠረት የድርጅቱ ባለቤትነት ወደ ሌላ ቢተላለፍ የሥራ ውላችሁ በዚያ ምክንያት አይቋረጥም። የሠራተኛ ክፍያ ጥያቄም ከሌሎች ዕዳዎች ቀዳሚነት አለው። ስለዚህ የሥራ ውላችሁን፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃዳችሁን ማስረጃ ከሽያጩ በፊት ኮፒ አድርጋችሁ ቤታችሁ አስቀምጡ። አስተዳደር ሲቀየር መጀመሪያ የሚጠፋው ፋይል ነው።